መቼ እንቸኩል፣ መቼ እንታገሥ?

አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለዋል። እነዚያው አበው ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። አንደኛው ታገሥ ይላል፤ ሁለተኛው ፍጠን ይላል። ሁለቱ ቃሎች የሚጣሉት የትኛው ለየትኛው ጊዜ እንደ ተነገረ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይህን አሳምረው ከሚያስረዱን የዘመናችን ሥራዎች አንዱ፣ የምንጭ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆኑት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አዲስ እትምና አፕዴት የምንለውን ማሻሻያ የሚያወጡበት ሥርዓት ነው።

ለምሳሌ ዴብያንን እንውሰድ። ዴብያን እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት የሊኑክስ ዓይነት ነው። አዲስ ፕሮግራም እንደ መጣ ወዲያው ለሁሉም አይታደልም። መጀመሪያ «ያልረጋ» ወደሚባለው ክፍል ይገባል፤ በዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከባድ ጉድለት ካልተገኘበት ወደ «ሙከራ» ክፍል ያልፋል። እትሙ የሚወጣበት ጊዜ ሲቃረብ አዲስ ነገር መጨመር ይቆምና ስሕተት ማረም ብቻ ይሆናል። በመጨረሻ «የረጋ» ተብሎ ይወጣል። መቼ ነው የሚወጣው ቢሏቸው መልሳቸው «ሲዘጋጅ» የሚል ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይሆናል። 12ኛው እትም በጁን 2023፣ 13ኛው በኦገስት 2025 ወጥቷል። ከዴብያን የተወለደው ኡቡንቱ በበኩሉ ቀን ቆርጦ ይሠራል፤ ከ2004 ጀምሮ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል።

ይህ ሁሉ መጠበቅ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በ2024 ከሆነው ነገር ይገኛል። ኤክስዜድ የሚባል፣ የፋይልን መጠን የሚያሳንስ ፕሮግራም አለ። ዓለም የሚገለገልበት ይህ ሥራ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ አመኔታን አተረፈና በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ስውር የጓሮ በር አበጀ። ተንኮሉ ወደ ዴብያን «ያልረጋ» እና «ሙከራ» ክፍሎች ገባ። ነገር ግን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ «ባልረጋው» ክፍል ላይ ሲሠራ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደ ዘገየ አስተዋለ። ምክንያቱን ተከታትሎ ደረሰበት፤ ማርች 29 ቀን 2024ም ለሁሉም አሳወቀ። የረጋው እትም ሳይነካ ቀረ። እንግዲህ መጠበቅ ብቻውን አያድንም፤ በመጠበቂያው ጊዜ የሚመለከት ዐይን ያስፈልጋል።

ሆኖም ትዕግሥት ሁል ጊዜ በጎ ነው ማለት አይደለም። በ2012 በወጣው የኦፕንኤስኤስኤል እትም ውስጥ የነበረው «ሃርትብሊድ» የተባለ ጉድለት ሁለት ዓመት ያህል ተሰውሮ ኖሮ ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ ሆነ። በዚህ ቀዳዳ ከሰርቨር ውስጥ የይለፍ ቃልና የምሥጢር ቁልፍ ማውጣት ይቻል ነበር። ጉድለቱ በረጋው ዴብያንም ውስጥ ነበረ፤ ምንም የማያሳልፍ ወንፊት የለምና። ዴብያን ግን ማረሚያውን በዚያው ቀን አደለ። አሠራሩን ልብ እንበል፤ በነበረው እትም ላይ ቀዳዳዋን ብቻ ደፈነ። ጣራ ሲያፈስ የሚለወጠው ያፈሰሰው ቆርቆሮ ነው፤ ቤቱ አይፈርስም። አዲሱ ነገር በዝግታ፣ ጥገናው በፍጥነት፤ የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። «ኢንተርኔት ይበላል፣ ማሽኑንም ያበላሻል» እየተባለ ማሻሻያ የተዘጋባቸው ኮምፒዩተሮች አሉ። በእነዚሁ ኮምፒዩተሮች ግን የመመረቂያ ጽሑፋችን፣ ውጤታችንና የይለፍ ቃላችን ያልፋል። ተዘጋጅቶ ያልተወሰደ መድኃኒት በሽተኛውን ምን ይጠቅመዋል? የኢንተርኔቱ እጥረት እውነት ነው፤ መፍትሔ ግን አለው። የዴብያንን ማኅደር ገልብጦ በራስ ሰርቨር ላይ ማኖር የተፈቀደ ነው። ለምንገለገልበት የኮምፒዩተር ዓይነት የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ከውጭ ይመጣና፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ከግቢው ውስጥ ይወስዳል። የማኅደሩ ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ የተለወጠ ነገር ቢኖር ኮምፒዩተሩ ይለየዋል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንንና የኮምፒዩተር ክፍል ኀላፊዎችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ለጋራ ኮምፒዩተሮች የረጋ እትም ይመረጥ፤ የደኅንነት ማሻሻያ በወጣበት ሳምንት ይጫን፤ የግቢው ቅጂ ማኅደር ይቋቋም። ማኅደሩን ለማቋቋምና ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ጉልበት እኛ ተማሪዎች እንሰጣለን።

እናንተ ጓደኞቻችን ደግሞ፣ ሌሎች ያበሰሉትን እየበላን ብቻ እስከ መቼ እንኖራለን? የሚችል ሁሉ የሙከራውን ክፍል በገዛ ማሽኑ ላይ ይጫን፤ የፊደላችን አጻጻፍ የሚበላሽበትን፣ ፕሮግራሙ የሚቆምበትን እየመዘገበ ለሚያርሙት ያስታውቅ። ለዚህ ሥራ ዲግሪ አይጠየቅም፤ የሹም ፈቃድም አያስፈልግም። በሩ ክፍት ነው፤ እንግባ።