ሰደቃው ከሆስፒታሉ ይቅደም



አንድ አዛውንት ሆስፒታል ተኙ ሲባል ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ፎጣ ይዘረጋል፣ ሁሉም ከኪሱ ያወጣል፣ ታማሚው ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሪፈር ይሄዳል። ማሻ አላህ፣ መልካም ነው። ከመድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ጀርባ ሆኜ ሳየው ግን ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ብዙዎቹ ከወራት በፊት የደም ግፊት ክኒን መግዣ ያጡ ወይም ‹‹ተሽሎኛል›› ብለው ያቆሙ ናቸው። ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የሚታወቀው አንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወይም ልብ ከደከመ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ሁሌ ገንዘብ አይደለም። ሽንት የሚያመላልሰውን ላሲክስ ጁሙዓ ቀን የሚዘሉ አባቶች አሉ፤ ውዱእ እያስፈታ ያስቸግራቸዋል። ስለሚያፍሩም ለሐኪም አይናገሩም። መድኃኒቱ የሚሠራው ስድስት ሰዓት ያህል ስለሆነ ከሱብሒ በኋላ ወዲያው ቢወሰድ ለዙህር ኃይሉ ያልቃል። ይህችን የሚነግራቸው አጥተው እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው የሚተኙ አሉ።

ቋንቋም አለ። ከገጠር የሚመጡ እናቶች አዊኛ ይናገራሉ፤ እኛ በአማርኛ አስረድተን እንሸኛለን። ሁለቱንም የሚያውቅ የልጅ ልጅ አብሮ ይምጣ፤ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ፣ ለጉልበት ሕመም የተገዛውን ዳይክሎፌናክም ጭምር። እሱ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እንደ ከረሜላ መወሰዱ ያሳዝነኛል።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ለስኳር ሕሙማን እሰጋለሁ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ የሚጾሙ ሽማግሌ ስኳራቸው ወርዶ ሊያልባቸው፣ ሊንቀጠቀጡ፣ ሊቀባዥሩ ይችላሉ። ቤተሰብ ‹‹እርጅና ነው››፣ አንዳንዱም ‹‹ጂን ነው›› ይልና ቁርኣን ብቻ ይቀራል። ቁርኣኑ ይቀራ፤ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣቱ ግን ይቅደም። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ይሩጥ። በሱረቱል በቀራ ለታመመ የተሰጠው ፈቃድ ለእሳቸውም ነው። መጾም ይችሉ እንደሆነ በሻዕባን ሐኪም ይጠየቅ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የመስጂድ ኮሚቴዎች ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ይመዝግቡ፤ ከሰደቃው ለወር መድኃኒታቸው ይመደብ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ላቃታቸውም ይከፈል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር ስለነበረች ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ‹‹ሰደቃ ለተኛ በሽተኛ እንጂ ቆሞ ለሚሰግድ ነው ወይ?›› የሚል ወንድም አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ወረቀት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አይተን የለም እንዴ?

መድኃኒቱን ማን ይከታተል ለሚለው፣ ከመድረሳ የሚወጡ ከፍ ያሉ ልጆች አሉን። በሳምንት አንዴ ጎራ ብለው ሰላም ይበሉ፣ የቀረውን ክኒን ይቁጠሩ፤ ሳይነካ የተቀመጠ ወይም ሊያልቅ የደረሰ ካለ ለኮሚቴው ይንገሩ።