መስኮታችንን አታጨልሙብን

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ታናሽ ወንድሜ አንድ ጥቅል ጥቁር ፕላስቲክ ተሸክሞ ገባ፡፡ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ነው፡፡ "ሁለቱንም መስኮት እናስለጥፋለን፤ ቀብድ ከፍያለሁ" አለ፡፡ ቤታችን ከሰባተኛ ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ የሚገኝ፣ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፡፡ አንዱ መስኮት በስተ ደቡብ ወደ ጠባቧ መንገድ ይከፈታል፤ እናቴ የምትቀመጠው እዚያ ነው፡፡ ሌላው በስተ ምዕራብ በመሠራት ላይ ያለውን ሕንፃ ያያል፤ እሱ የእህቴ መኝታ ነው፡፡ ወንድሜ የዱባይ ተራ ነጋዴ ነውና ነገርን በአጭሩ መጨረስ ያውቅበታል፤ "ሙቀት፣ የሰው ዓይን፣ ዘመናዊነት" ብሎ ምክንያቶቹን ደረደረልን፡፡ እኔ በቃል ክርክር የምሸነፍ፣ ብዕር ስይዝ ግን የማልለቅ ሰው ስለሆንሁ እነሆ መልሴን በአደባባይ እጽፋለሁ፡፡ ተመሳሳይ ክርክር የያዛችሁ አንባብያን ፍረዱን፡፡

ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ ሞቆት የተቸገረ ማን ነው? ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ የምታስደርብ ከተማ ናት፡፡ ወንድሜ ዕቃውን ከዱባይ ሲያስመጣ የዱባይን ሐሩርም አብሮ ያስመጣ ይመስለዋል!

የፀሐይን አካሄድ ልብ በሉ፡፡ ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በስተ ደቡብ፡፡ ስለዚህ የእናቴ መስኮት የቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚጠናበት ወር፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ከምንጣፉ ላይ ትወርዳለች፡፡ በሐምሌ ደግሞ ሰማዩ ከመዳመኑ የተነሣ እዚያ ክፍል ውስጥ በቀን እንኳ ያለ መብራት ጋዜጣ አይነበብም፡፡ እንግዲህ ስቲከሩ በበጋ የሚነጥቀን የምንፈልገውን ሙቀት፣ በክረምት የሚነጥቀን ድሮውንም ያነሰንን ብርሃን ነው፡፡ ጥቅሉ ላይ "5 ከመቶ" የሚል ተጽፎበታል፤ ከመቶ እጅ ብርሃን 95ቱን አስቀርቶ 5ቱን ያስገባል ማለት ነው፡፡ ባንክ ቤት ስሠራ ከመቶ 95 የሚቆርጥ አበዳሪ እስካሁን አላየሁም፡፡

አልዋሽም፤ የምዕራቡ መስኮት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያስመርራል፡፡ ፀሐይም መጋረጃና ሶፋ ታደበዝዛለች፤ ይህን ሸማ ተራ ጨርቅ የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ግን መጋረጃ ሲያስፈልግ ይዘጋል፣ ሳያስፈልግ ይገለጣል፤ የተለጠፈ ስቲከር ወር አይለይም፡፡

የሰው ዓይን የሚለው ግን የምር ነው፡፡ የእህቴን ነገር አላቃልልም፡፡ ከማዶ መወጣጫ ላይ ቆመው ሲሚንቶ የሚለስኑት ሰዎች ቀና ባሉ ቁጥር ክፍሏ ውስጥ ናቸው፤ በገዛ መኝታዋ ልብስ መቀየር አቅቷት ወደ ጓዳ የምትሄድበት ጊዜ አለ፡፡ ታዲያ ስቲከሩ ይሸሽጋታል? ቀን አዎን፤ ውጪው ከውስጡ የበለጠ ብሩህ እስከሆነ ድረስ፡፡ ማታ መብራት ስታበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ብርሃኑ ያለው ከእሷ ዘንድ ስለሚሆን ከውጪ ያለው ሰው የስቲከሩ ጥቁረት በፈቀደለት መጠን ጥላዋን ያያል፤ እሷ ግን መስታወቱ ላይ የራሷን ፊት እንጂ ማን እንደሚያያት አታይም፡፡ ሕንፃው ተከራይቶ መብራት ሲያድርበት መጋረጃ መግዛቷ አይቀርም፡፡ መጋረጃ ከተገዛ ስቲከሩ ምን ሊሠራ?

ዘመናዊነት ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም፡፡ ቀኑን ሙሉ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ ነው የምውለው፤ ያ መስታወት ጥርት ያለ የሆነው ደንበኛው ገንዘቡ ሲቆጠር ማየት ስላለበት ነው፡፡ መርካቶም ቢሆን በብርሃን የሚገበያይ ሠፈር ነው፡፡ ጨርቅ የምትገዛ ሴት ጣቃውን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣለች፤ ቀለሙን በፀሐይ ሳታይ አትከፍልም፡፡ እንዲያውም የሠፈሩን አነሣሥ ካነሣን አይቀር፣ ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደዚህ ያመጣው የአገሬውን ሰው ከነጮቹ ሠፈር ለመለየት፣ ከዓይን ለማራቅ ነበር፡፡ እዚህ የተገፉት ሰዎች ግን ደጃቸውን ከፍተው ሸቀጣቸውን አሰጡና የአገሩ ዓይን ሁሉ ወደዚህ ዞረ፡፡ አሁን እኛው ገንዘብ ከፍለን እንሸሸግ?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወንድሜ ሲሰማው የሚቆጣበት ነውና እስካሁን ያዘገየሁት፡፡ አምና በሐምሌ እናታችን ብቻዋን ቤት ሳለች ስኳሯ ወረደ፡፡ እኔ ሥራ፣ ወንድሜ ሱቅ፣ እህቴ ትምህርት ቤት ነበርን፡፡ የማዶዋ ጎረቤታችን ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እናቴ መስኮቱ ሥር አንገቷን ደፍታ አየቻት፡፡ "እትዬ! ምነው? ደኅና ነዎት?" ብላ ተጣራች፤ መልስ አጣች፡፡ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ስኳር በውኃ በጥብጣ ያጠጣቻት እሷ ናት፡፡ ወንድሜ "አሁን ሞባይል ገዝቼላታለሁ" ይላል፡፡ ስኳሯ የወረደባት ሴት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ የማንን ቁጥር ትፈልጋለች?

ያቺ ጎረቤት በቀን ስንት ጊዜ ወደዚህ መስኮት ቀና እንደምትል ወንድሜ አያውቅም፡፡ "ቡና ጠጡ" የሚባለው በዚያ ነው፡፡ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠልም መብራት አጥፍተን የሰማዩን መቅላት ያየነው በዚያው መስኮት ነው፤ እሷም ማዶ ቆማ ነበር፤ ሸቀጡን ለማውጣት የሮጠው ወንድሜ እስኪመለስ እናቴና እሷ በየመስኮታቸው ሲጠባበቁ አመሹ፡፡

ለጣፊው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እመጣለሁ ብሏል፡፡ ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አትሜ ዛሬ ማታ ወንድሜ ራት ሲበላ ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጥለታለሁ፡፡ ለእህቴ ወፍራም መጋረጃ፣ ለታችኛው ግማሽ ደግሞ ዳንቴል እኔ እገዛለሁ፡፡ ቀብዱንም ከደመወዜ እመልስለታለሁ፡፡ እናቴን ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም፤ እሑድ ዕለት ጥቅሉን ዳብሳ አየችና ሦስተኛውን ቡና ቀድታ፣ መስኮቱን ከፍታ ጎረቤቷን ጠራች፡፡