ቁልፉ በማን እጅ ነው?

«ሲምፎኒ ያለ ባለጸጋ ችሮታ አንድ ቀን አያድርም» ይሉናል አንዳንድ ጓደኞቻችን። እስቲ ወደ ሚኒያፖሊስ እንሂድ! የሚኒሶታ ኦርኬስትራ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ገንዘብ የለም፣ ከደመወዛችሁ ሲሶ ያህል ይቀነስ» አለ። ሙዚቀኞቹ እምቢ ቢሉ በጥቅምት በሩን ቆለፈባቸው። የኮንሰርቱ ወቅት እንዳለ ባከነ። በዚያው ጊዜ ግን አዳራሹ በ50 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይታደስ ነበር። ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ማለት ይኸ ነው።

«ያ ገንዘብ ለሕንፃው ተብሎ የተሰጠ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኮ! ለድንጋይ የተዘረጋ እጅ ለቫዮሊን ሲሆን ለምን ይታጠፋል? (ድንጋይ ላይ ስም ይቀረጻል መሰለኝ።)

ለመሆኑ ደጋፊ ማነው? ሙዚቀኞቹ በራሳቸው ኮንሰርት ሲያዘጋጁ ትኬት ቆርጦ የመጣው፣ ማኅበር አቋቁሞ የቦርዱን ሒሳብ የመረመረው ተራ አድማጭ ነዋ! በሩ የተከፈተው ከአሥራ አምስት ወር በላይ ቆይቶ በ2014 ነው፤ ያውም ሙዚቀኞቹ ከደመወዛቸው 15 በመቶ ለቀው። በ2013 ሥራውን የተወው መሪያቸው ኦስሞ ቫንስካም ያን ጊዜ ተመለሰ።

ባለጸጋው ይስጥ፣ ማን ጠላ? ግን የሰጠ ሁሉ ቁልፍ ይያዝ ያለው ማነው? የምትቃወሙኝ በሚቀጥለው ዕትም ጻፉ።