ቋንቋ በግብሩ ይመርመር

የቋንቋ ትምህርት ከግስና ከአገባብ፥ ከመዝገበ ቃላትም አያልፍም የሚሉ ሰዎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ቃልን በቃል የተረጐመውን ሰው ቋንቋውን ጨረሰ ይሉታል። እነዚህ ሰዎች ወደ ነገሌ ቦረና ወርደው አንዲት ቃል ብቻ ቢመረምሩ አሳባቸውን በለወጡ ነበር።

ቃሊቱም «ገና» ናት። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ክረምት ብሎ ይተረጕማታል፤ በደጋው አገር በእውነት የሰኔና የሐምሌ ዝናም ናት። በሊበን ቆላ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናም ነው «ገና» የሚባለው፤ ሐምሌማ በዚያ ደረቅ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ ቃሊቱ አንድ ጊዜ የልደትን በዓል፥ አንድ ጊዜም «ጊዜው አልደረሰም» ማለትን ታመጣለች። እንግዲህ አንድ ጸሓፊ የአርብቶ አደሩን አቤቱታ «ክረምቱ ቀረ» ብሎ ቢጽፍ፥ በመዝገበ ቃላቱ ፊት አልበደለም። አዲስ አበባ ያለው ሹም ግን ገና በሚያዝያ ምን ክረምት አለ ብሎ ሐምሌን ይጠብቃል፤ እስከዚያም ከብቱ ያልቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው በቀሩ ጊዜ በቦረና የደረሰውን እልቂት ያየ ሰው ይህን ቀልድ ነው አይልም።

የፖላንድ ተወላጅ የነበረው ሊቅ ማሊኖውስኪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ የቃል ትርጓሜ ከተነገረበት ሁኔታ ተለይቶ እንደማይገኝ አስረዳ። ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ሃሊዴይ ሰዋስው ራሱ ቋንቋ በማኅበር መካከል በሚሠራው ሥራ እንደ ተቀረጸ አስተማረ። ይህ የባሕር ማዶ ፍልስፍና ነው የሚል ቢኖር ይመልስ፤ የታመመ ሰው «እንደምን አደሩ» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ሌሊቱን ደኅና ተኝቶ ነውን? የቦረናም ሰው በሰላምታው «ነጋ»፥ ማለትም ሰላም፥ ቢል፥ ያን ሰምቶ «ችግር የለም» ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍር እንግዳ ሰላምታን ከወሬ አልለየም።

ሰዋስው ይቅር ያለ የለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጕም የረዳችው አስቴር ጋኖ ቃላትን ሰብስባለች፤ ነገር ግን ሕዝቡ የሚናገረውን ተረትና ዘፈንም አብራ ጽፋለች። የዛሬዎቹ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከዚህች ሴት ያነሰ ሥራ ይዘው መቅረባቸው ያሳፍራል። ከየቃሉ አጠገብ ማን ለማን፥ በምን ጊዜ እንደሚናገረው ይጻፍ፤ ከ«ገና»ም አጠገብ «በሊበን፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦት» ተብሎ ይታተም።