ወባን የሚለይ መመርመሪያ እዚሁ እንሥራ

በላስታ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁበት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ የማይችሉትን አብረው ይሸከማሉ። የአንቲቦዲ ቁራጭ ከኢንዛይም ጋር ሲዋሃድም እንዲሁ ነው። ቁራጩ የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ቀለም በማምጣት መያዙን ያሳያል። ሁለቱን በኬሚካል ማጣበቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ማጣበቂያው ግን አንዳንዴ የመያዣውን ቦታ ይደፍነዋል። ጂኖቻቸው ከተገጣጠሙ ባክቴሪያ ሁለቱን እንደ አንድ ፕሮቲን አድርጎ ያመርታቸዋል።

እንዲህ ያለ የተዋሃደ ፕሮቲን ለወባ መመርመሪያ መሥራት ለኢትዮጵያ ቅንጦት አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመና በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንድ የፋልሲፓረም ወባ ተውሳኮች ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን አጥተዋል። በጥናቱ ግምት በዚህ ምክንያት ከመቶ 10 የሚጠጉ የፋልሲፓረም ሕሙማን ከእንዲህ ዓይነቱ መመርመሪያ ሊያመልጡ ይችላሉ። ተውሳኩ እዚህ ሲለወጥ፣ የውጭ አምራች አዲስ መመርመሪያ እስኪያመጣ እንጠብቃለን።

«ገዝቶ ማስገባት ይረክሳል» የሚሉ አሉ። ለጅምላ ምርት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለእውቀቱ ግን አይደለም። ሥራውም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ብራሰልስ ያሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉት የግመል አንቲቦዲ የሚወሰደው ቁራጭ ክብደቱ የተለመደው ሙሉ አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ በተራ ባክቴሪያ ይመረታል፣ ብዙውን ጊዜም ሙቀት ይቋቋማል። ቁራጩ ሲዋሃደው ኢንዛይሙ ሊዳከም መቻሉም እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሁለቱን የሚያገናኘውን ክፍል እየለወጡ መሞከር ነው። ግመሉ በአፋርና በሶማሌ ሞልቷል፤ አርማወር ሐንሰንን የመሰለ የምርምር ተቋምም አለን። መንግሥት ለዚህ አንድ ሥራ ቋሚ በጀት ይመድብ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ባለሙያ ያሰልጥኑ።