ኳስ ወይስ ደብተር?

ላሚን ያማል እ.ኤ.አ. በ2024 ለአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን ሲገባ የቤት ሥራውንም ይዞ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ማለፉን የሰማው እዚያው ውድድሩ ላይ ሆኖ ነው፤ 17 ዓመት በሞላው ማግስት ደግሞ ስፔን እንግሊዝን 2ለ1 ረትታ ዋንጫውን አነሳች።

ልጁ ጎበዝ ቢሆንም ብቻውን አልነበረም። ያደገበት የባርሴሎናው ላ ማሲያ ኳሱንም ትምህርቱንም ይከታተላል።

የእኛዎቹ ታዳጊዎችስ? ልምምድና ትምህርት ሲጋጭባቸው አሰልጣኙ ይቆጣል፣ መምህሩ «ቀሪ» ብሎ ይመዘግባል፣ ቤተሰብም «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ይላል። ምርጫው ለልጁ ይተዋል። ጉልበቱ ከተጎዳ ግን ክለቡ ሌላ ተጫዋች ያስፈርማል፤ ደብተሩን የጣለው ልጅ ሁለቱንም ያጣል። ታዳጊ ቡድን የያዘ ክለብ ማሊያና ታኬታ ማደሉ ብቻ አይበቃውም፤ የልምምዱን ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ማውጣት አለበት።