በሩን የሸጠልን ብዙ ነው፤ የሠራው ማን ነው?

በአዲስ አበባ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ተራ የብረት በር ቢፈልግ አይቸገርም። በየሰፈሩ ያለው የብረታ ብረት ሥራ ቤት ላሜራውን ቆርጦ፣ በይዶና ቀለም ቀብቶ ያስረክበዋል። ችግሩ የሚጀምረው ለመጋዘን ወደ ላይ ተጠቅልሎ የሚከፈት፣ ለአዳራሽ ደግሞ ተጣጥፎ ወደ ጎን የሚሰበሰብ በር ሲያስፈልግ ነው። ያን ጊዜ ገዢው የሚያገኘው ካታሎግ የያዘ ሻጭ ነው። «ሠሪው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ከውጭ የመጣ ነው» ከማለት አያልፍም።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተጠቅላይ በር በማጠፊያ ላይ የተንጠለጠለ ላሜራ ሳይሆን ማሽን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱን የሚያቃልለው በላይኛው ዘንግ ላይ ያለው ሞላ ነው። በገበያ ላይ የተለመደው ሞላ ደግሞ 10,000 ጊዜ ያህል ለመከፈትና ለመዘጋት ታስቦ የሚሠራ ነው። ሂሳቡን እንየው። ጠዋት ተከፍቶ ማታ ለሚዘጋ ሱቅ ይህ ሞላ 27 ዓመት ይበቃል። በቀን 30 ጊዜ ለሚከፈት መጋዘን ግን በ333 ቀን ያልቃል። «በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል?» ብሎ የማይጠይቅ ሻጭ ለሁለቱም አንድ ዓይነት በር ይሸጣል።

ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ አይቆምም። ሞላው ሲበጠስ በሩ በሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአሜሪካ ሕፃናት በጋራዥ በር ሥር ተይዘው በመሞታቸው፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረቱ የመኖሪያ ቤት በር ሞተሮች ሰው እንዳይዙ የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጓል። እኛ ዘንድ አንድ የማውቀው ነጋዴ ባለ ሞተር በር አስገጥሞ፣ መብራት በጠፋ ቀን ዕቃ የጫነ መኪናው መጋዘን ውስጥ ተዘግቶበት ውሏል። የእጅ ሰንሰለት እንደሚያስፈልገው የነገረው ሻጭ አልነበረም።

«ታዲያ ሁሉን እዚሁ መሥራት ይቻላል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሞተሩና ሞላው ከውጭ ይምጣ። ነገር ግን ቅጠሉን ማጠፍ፣ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ መሥራትና መግጠም ለአገራችን ባለሙያ የሚያቅት አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ ሙሉ በር ከማስመጣት ይህን መንገድ ማስላት ይበጃል።

እስከዚያው ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ክፍተቱንና ከበሩ በላይ ያለውን ቦታ መጥቶ የሚለካው ማን ነው? ሞላው ስንት ጊዜ እንዲሠራ የተወሰነ ነው? መለዋወጫው የት ይገኛል? መብራት ሲጠፋ በምን ይከፈታል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ተጣጣፊ በር የሚያስገጥምም ከላይ የሚንጠለጠለውን ክብደት ኮንክሪቱ ሳይሞላ ለመሐንዲሱ ይንገር።

ሠሪዎችም ስማቸውንና አድራሻቸውን በበሩ ላይ ይለጥፉ። በሥራው የሚተማመን ሰው ስሙን አይደብቅም። ገዢውም በሩ በተሰበረ ቀን የሚሄድበትን ያውቃል።